ለቤት ወርክሾፕ የአየር መስመር፦ ጎማ፣ ብረት፣ ፒፒአር ወይስ ፒቪሲ?

ኮምፕረሰር ጫጫታው ስለሚያስቸግር ብዙ ሰው ከግቢው ጥግ ወይም ከቤቱ ጀርባ ያስቀምጠዋል። ከዚያ አየሩን እስከ ሥራ ጠረጴዛው፣ እስከ ቀለም መርጫው ቦታ ማድረስ ይመጣል። ቧንቧ ሠራተኛ ከጠሩ የሚያውቀውን የውሃ መስመር ይዘረጋልዎታል። የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ከሄዱ ደግሞ ባለሱቁ ፒቪሲውን አንስቶ «ይኸው 16 ባር ይላል፤ የእርስዎ ኮምፕረሰር ስንት ነው? 8! ታዲያ ምን ያሰጋል?» ይላል። ባር የግፊት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩም ውሸት የለበትም። የተጻፈው ግን ለውሃ ነው።

እኔ አማራጮቹን ከሁሉ በፊት የማወዳድረው በአንድ ነገር ነው፦ ቧንቧው የተሸነፈ ቀን እንዴት ይሸነፋል? ተሰንጥቆ ይተነፍሳል ወይስ ተበታትኖ ይወረወራል? ዋጋው፣ ዝገቱ፣ የሥራው ቅለት ከዚያ በኋላ የሚታዩ ናቸው።

ውሃ ይቆማል፣ አየር ይወረወራል

ውሃ ቢጫኑት አይጨመቅም ማለት ይቻላል፤ አየር ግን እየተጨመቀ ጉልበት ያጠራቅማል። በቁጥር እንየው። 20 ሜትር ርዝመትና 20 ሚሊሜትር የውስጥ ስፋት ያለው ቧንቧ 6.3 ሊትር ገደማ ይይዛል። በ8 ባር ውሃ ሞልቶ ቢሰነጠቅ፣ ውሃው በመጨመቁ ያጠራቀመው ጉልበት አንድ ጁል እንኳ አይሞላም። ትንሽ ፊጭ ይልና ግፊቱ ይወርዳል። ያው ቧንቧ በ8 ባር አየር ተሞልቶ ድንገት ቢፈነዳ ግን የሚለቀቀው ከ6,000 ጁል በላይ ነው፤ አንድ ኩንታል ሲሚንቶ ከ6 ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ይዞት ከሚመጣው ጋር የሚቀራረብ ጉልበት። ይህ ደግሞ የቧንቧው ብቻ ነው። ከኋላው ታንኩ አለ፤ 100 ሊትር ታንክ የዚህን 16 እጥፍ ያህል ይይዛል።

እግረ መንገዴን፣ ታንኩ ራሱ ከአሮጌ ጋዝ ሲሊንደር ተቆርጦ የተበየደ ከሆነ ወይም ሴፍቲ ቫልቩ በታፖ ተደፍኖ ከሆነ፣ ስለ ቧንቧ ማንበቡን እዚህ ላይ ያቁሙና መጀመሪያ እሱን ይለውጡ።

ፒቪሲ፦ ርካሽ፣ ቀላል፣ ለአየር የማይሆን

ፒቪሲ ለምን እንደሚወደድ ግልጽ ነው። በሴጌቶ ይቆረጣል፣ በኮላ ይጣበቃል፣ ፊሌቶ (የብሎን ጥርስ) ማውጣት የለ፣ ብየዳ የለ፤ ግማሽ ቀን ሳይሞላ መስመሩ ያልቃል። አይዝግም። ዋጋውም ለኪስ ይመቻል። ችግሩ የአሰባበሩ ነገር ነው። ፒቪሲ ሲሸነፍ አይለጠጥም፣ ቀስ ብሎ አይቀደድም፤ እንደ ስለት የተሳለ ስብርባሪ ሆኖ ይበተናል፣ ውስጡ ያለው አየር ደግሞ ስብርባሪውን ይወረውረዋል።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። በአሜሪካ የፕላስቲክ ቧንቧ አምራቾች ተቋም ራሱ በ1972 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር፣ በሙቀት የሚለሰልሱ የፕላስቲክ ቧንቧዎች በግልጽ በተዘረጋ የፋብሪካ መስመር ላይ ለታመቀ አየር እንዳይውሉ አሳስቧል። በ1988 ደግሞ የዚያው አገር የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ኦሻ፣ ቴክሳስ በሚገኝ ፋብሪካ የፒቪሲ አየር መስመር ፈንድቶ ስብርባሪው የአንድ ሠራተኛ እጅ ካቆሰለ በኋላ፣ ከመሬት በላይ በተዘረጋ መስመር ላይ ፒቪሲን ስለመጠቀም ማስጠንቀቂያ አወጣ። ሻጩ «ፋብሪካው ይፈቅዳል» ቢልዎ፣ የቧንቧ አምራቾቹ ተቋም ቃል ከዚያ በፊት ያለ ነው።

ቧንቧው ላይ የታተመው 16 ባርም ቢሆን በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የተለካ ነው። ሙቀት ሲጨምር ፒቪሲ አቅሙ ይወርዳል፤ በአሜሪካኖቹ ሰንጠረዥ በ43 ዲግሪ ግማሹን፣ በ60 ዲግሪ ከሦስት አራተኛው በላይ ያጣል። ከኮምፕረሰሩ ቴስታታ (አየሩ ከሚጨመቅበት ራስ) የሚወጣው አየር ከ100 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ታንኩ ያቀዘቅዘዋል፤ ነገር ግን ኮምፕረሰሩ ሳያርፍ ሲሠራ ከታንኩ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ሜትር በእጅ ሲነካ ይታወቃል። ድሬዳዋ ወይም አዋሽ አካባቢ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተዘረጋ መስመር ደግሞ ከውጭም ይጋገራል። በዚህ ላይ ፀሐይ ፕላስቲኩን ያደርቀዋል፣ ከኮምፕረሰሩ የሚመጣ የዘይት ጉም ከውስጥ ይነካካዋል፣ ሞተሩ በበራ ቁጥር ንዝረቱ የተጣበቀውን ቦታ ያላላዋል።

«ጎረቤታችን አምስት ዓመት ሲጠቀምበት ምንም አልሆነ» የሚለው ክርክር ሁሌም ይነሳል። ሊሆን ይችላል። ግን ፒቪሲ እያረጀ ሲሄድ ይበልጥ ተሰባሪ ይሆናል እንጂ አይጠነክርም፤ አምስት ዓመት ያገለገለው መስመር ከአዲሱ ይልቅ የሚያሰጋ ነው። አንድ ቀን መሰላል ይደገፍበታል ወይም የወደቀ መዶሻ ይነካዋል። ከሱ የባሰው ደግሞ ስሱ የኤሌክትሪክ ሽቦ ማሳለፊያ ቱቦ ነው፤ ግፊት እንዲይዝ ጨርሶ አልተሠራም። ለሙቅ ውሃ የሚሆነው ሲፒቪሲም የተሻለ አይደለም፤ እሱም ተሰባሪ ነው።

አስቀድሞ ፒቪሲ ዘርግተው ከሆነ፣ ታንኩ ላይ ይዝጉትና መስመሩን ባዶ ያድርጉ፤ ከዚያ ይንቀሉት። ግፊቱን ወደ 4 ባር አውርዶ መቀጠል ወይም በጣውላ መሸፈን የብዙዎች መፍትሔ ነው፤ እኔ አልመክረውም። የተነቀለው ቧንቧ ለጓሮ ውሃ ይሆናል።

ምናልባት ቧንቧው ጭራሽ አያስፈልግዎትም

ወርክሾፑ አንድ ክፍል ከሆነ፣ የሚሠራውም አንድ ሰው ከሆነ፣ ጥሩ የአየር ጎማ ይበቃል። የሚያስገርመው ይህን የሚመክር ሰው ማነሱ ነው፤ ምናልባት ሥራ ስለማያስገኝ ይሆናል። ከታንኩ ቦል ቫልቭ የተነሳ 10 ወይም 15 ሜትር ጎማ፣ ጫፉ ላይ ፈጣን ማገናኛ፣ አለቀ። ጎሚስታዎቹ ቀኑን ሙሉ ፀሐይና አቧራ ላይ የሚጎትቱት እሱኑ ነው።

ጎማ ሲገዙ ገላው ላይ የታተመውን ያንብቡ። በክር የተጠናከረ፣ የሥራ ግፊቱ 20 ባር የሚል ጎማ ለ8 ወይም ለ10 ባር ኮምፕረሰር በቂ ትርፍ አለው። የአትክልት ማጠጫ ጎማ አይሆንም፤ የምድጃ ጋዝ ጎማም አይሆንም። የውስጥ ስፋቱ 6 ሚሊሜትር የሆነው ቀጭን የአየር ጎማ የመኪና ጎማ ለመንፋት ይበቃል፤ የቀለም መርጫ ወይም ብሎን መፍቻ ሽጉጥ ሲሰኩበት ግን አየሩ ያንቀዋል። ለእነሱ ከ8 እስከ 10 ሚሊሜትር ይያዙ።

ጎማ አይበታተንም፤ የእሱ አደጋ ሌላ ነው። ከጫፉ ሲወጣ እንደ እባብ ይገረፋል፣ ጫፉ ላይ ያለው የናስ ማገናኛ ደግሞ ዓይን ያወጣል። ስለዚህ ጎማውን ማገናኛው ላይ የሚያስረው ፋሼታ ጥሩ ይሁን፤ በሽቦ ጠምዝዞ ማሰር ይቅር። ደጋግሞ የሚታጠፈውን ቦታ፣ በተለይ ከማገናኛው ሥር ያለውን አንድ ስንዝር፣ ጎንበስ አድርገው ይዩት። ላይኛው ሽፋን ተሰነጣጥቆ ክሩ ነጭ ሆኖ ከታየ ያንን ጫፍ ቆርጦ እንደገና መግጠም የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። በዚያው ጎማ ልብስ ላይ ያለ አቧራ ማራገፍ የተለመደ ነገር ነው፤ ይቅርብዎ። ኦሻ ዕቃን ለማጽዳት እንኳ ከ30 ፒኤስአይ፣ ማለትም ከ2 ባር ገደማ እንዳይበልጥ ያዛል፤ ሰው ላይ ደግሞ ጨርሶ አይነፋም።

ብረት፦ የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ

ሁለት ሦስት መውጫ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ወይም ኮምፕረሰሩ ከግድግዳ ማዶ ከሆነ፣ ብረት ቧንቧ ይቀድማል። ለውሃ የሚሸጠው ተራ የግማሽ ኢንች ብረት ቧንቧ ከ8 ባር ብዙ እጥፍ ይችላል፤ ሙቀት አይረብሸውም፣ ንዝረት ይችላል፣ መሰላል ቢደገፍበት ግድ የለውም። ከሁሉ በላይ ሲበላሽ የሚበላሸው ከፊሌቶው ላይ ነው፤ «ስስስ» እያለ ራሱን ያሳውቃል። እየተነፈሰ የሚነግርዎ መስመር ኪስ ይጎዳል እንጂ ሰው አይጎዳም።

ጣጣው ሥራው ላይ ነው። በ6 ሜትር ዘንግ የሚሸጠውን በልክ ማስቆረጥ፣ ፊሌቶ ማስወጣት፣ ጎሚቶና ማኒኮቶ (ማዞሪያና ማያያዣ) መቁጠር አለ። መሸጫው ማሽን ካለው እዚያው ያወጡልዎታል፤ ልኩን ወረቀት ላይ ጽፈው ይሂዱ፣ ፊሌቶ ውስጥ የሚገባውን ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሴንቲሜትር መጨመርም አይርሱ። ሲገጥሙ ከቃጫ ይልቅ ቴፍሎን ወይም የፊሌቶ ማሸጊያ ይሻላል፤ ቃጫ ውሃ ሲነካው እያበጠ ነው የሚይዘው፣ ደረቅ አየር ላይ ሊላላ ይችላል።

ጋልቫናይዝድ ወይስ ጥቁሩ? ጋልቫናይዝዱ ከውጭ ያምራል፣ ገበያ ላይም በቀላሉ ይገኛል። ነገር ግን ውስጡ የተቀባው ዚንክ ከጊዜ በኋላ እየተላጠ ሊወርድ ይችላል፤ ያ ቅርፊት የቀለም መርጫ አፍንጫ ይደፍናል። ጥቁሩ ደግሞ ይዝጋል። ሁለቱም መጨረሻቸው ላይ ፊልተር ከተገጠመ ያገለግላሉ። እንጨት ለሚሠራ፣ ጎማ ለሚነፋ፣ ምስማር መቺ ለሚጠቀም ጋልቫናይዝዱ በቂ ነው። መኪና ቀለም የሚቀባ ግን ፊልተሩን ከመርጫው አጠገብ ያድርግ እንጂ ኮምፕረሰሩ ጋ ብቻ አይተወው።

ምን አለሽ ተራ ያገለገለ ቧንቧ በርካሽ ይገኛል። በአንዱ ጫፍ ወደ ብርሃን አድርገው በሌላው ይመልከቱ፤ ውስጡ እንደ ቅርፊት የተነሳ ዝገት ካለው ይተዉት። መዶሻ ሲነካው የሚረግፍ ከሆነም ያው ነው።

ፒፒአር፦ ክርክሩ ያለበት

አሁን አሁን ብዙ ሰው የሚጠይቀው ስለ ፒፒአር፣ በሙቀት እየቀለጠ ስለሚገጣጠመው የፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ ነው። ቧንቧውና መገጣጠሚያው በ260 ዲግሪ ብረት ቀልጠው አንድ አካል ስለሚሆኑ፣ በደንብ ከተሠራ መገጣጠሚያው አይተነፍስም። በክፍል ሙቀት ከፒቪሲ ይልቅ መለጠጥ ይችላል፤ እንደ እሱ አይረግፍም። የተወሰኑ አምራቾችም የፒፒአር ቧንቧቸው ለታመቀ አየር እንደሚሆን በጽሑፍ ያረጋግጣሉ። ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው አብዛኛው ግን ለውሃ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ፣ ፒኤን 20 (ለውሃ 20 ባር ማለት ነው) የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ፈቃድ አይደለም። ለአየር መሆኑን የሚናገር የአምራቹን ወረቀት ይጠይቁ፤ ከሌለ ወደ ብረት ይመለሱ።

ወረቀቱ ካለም ሦስት ነገር እጠብቃለሁ። አንደኛ፣ ከኮምፕረሰሩ ቀጥሎ ያለው ከ5 እስከ 8 ሜትር ብረት ይሁን፤ አየሩ እዚያ ይቀዝቅዝ፣ ትኩስ ዘይትም ፕላስቲኩን አያግኘው። ሁለተኛ፣ ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ላይ አይዘርጉት፤ ፀሐይ ያደርቀውና እሱም ተሰባሪ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ቀላጩ ጊዜውን የሚያውቅ ይሁን፦ ለ20 ሚሊሜትር 5 ሰከንድ፣ ለ25 ሚሊሜትር 7 ሰከንድ ነው። «ትንሽ ይቆይ፣ ይጠንክር» የሚል ሰው ውስጡን በቀለጠ ፕላስቲክ ያጠበዋል፤ ከውጭ ያማረ መገጣጠሚያ ውስጡ እርሳስ የማያሳልፍ ሆኖ ይገኛል።

ስለ መጠኑም ልብ ይበሉ። ፒፒአር የሚጠራው በውጭ ስፋቱ ነው። 25 የሚባለው ፒኤን 20 የግድግዳው ውፍረት 4.2 ሚሊሜትር ስለሆነ ውስጡ 16.6 ብቻ ነው፤ ከግማሽ ኢንች ብረት ጋር እኩል ማለት ነው። 20 የሚባለው ወደ 13 ይወርዳል። በሙቀትም ይዘረጋል፦ 10 ሜትር ፒፒአር ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲለዋወጥ 3 ሴንቲሜትር ይረዝማል፤ ብረት በዚያው ልክ 2 ሚሊሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ሁለቱን ጫፍ ግጥም አድርጎ ማሰር መሐሉን ያጎብጠዋል።

ቀሪዎቹን በአጭሩ

ጥቁሩ በጥቅል የሚሸጠው የፕላስቲክ ቧንቧ፣ ኤችዲፒኢ፣ ሲሸነፍ ይለጠጣል፣ ይቀደዳል እንጂ አይረግፍም፤ ስለዚህ ከፒቪሲ በብዙ ይሻላል። እሱም ቢሆን ከሙቀት መራቅና ለአየር መፈቀዱ መታየት አለበት፤ ለመስኖ የሚሆነው ስሱ ዓይነት ሒሳብ ውስጥ አይገባም። መዳብ ለአየር እጅግ ጥሩ ነው፣ አይዝግም፣ ውስጡ ለስላሳ ነው፤ ዋጋው ግን ብረቱን ሁለት ሦስት ጊዜ ያስመኛል፣ በር በሌለው ግቢ ውስጥም አያድርም። በመጫን ብቻ የሚገጣጠመው የአሉሚኒየም መስመር ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ነው፤ አቅም ላለው ምንም አይወጣለትም። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ሆናችሁ ጋራዣችሁ ውስጥ ለምትሠሩ፣ መሐሉ አሉሚኒየም የሆነ የፕላስቲክ ጥቅል ለአየር ተብሎ ከነመገጣጠሚያው ይሸጣል፤ ለእናንተ ከብረት የሚቀልለው እሱ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ሲሆን

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ኮምፕረሰሩ ላይ «በደቂቃ 200 ሊትር» ቢልም የሚስበው ቀጭን አየር ነው፤ በባሕር ጠለል ሒሳብ 150 ሊትር አካባቢ። ቧንቧው የሚሸከመው ጌጁ የሚያሳየውን ስለሆነ በጥንካሬ በኩል የሚለወጥ ነገር የለም። የሚለወጠው የብክነቱ ዋጋ ነው፤ ታንኩ ቀስ ብሎ ስለሚሞላ እያንዳንዱ የሚተነፍስ ፊሌቶ ሞተሩን የበለጠ ያስነሳዋል። ለ2 ወይም 3 የፈረስ ጉልበት ኮምፕረሰር እስከ 15 ሜትር ድረስ የግማሽ ኢንች ብረት ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ሦስት ሩብ ኢንች ያድርጉት።

አዘረጋጉ ከቧንቧው ዓይነት እኩል ይመዝናል

አየር ሲጨመቅ ውሃ ያወጣል። በክረምት፣ 20 ዲግሪና 80 በመቶ እርጥበት ባለበት ቀን፣ በደቂቃ 200 ሊትር የሚስብ ኮምፕረሰር አንድ ሰዓት ሳያቋርጥ ቢሠራ ሁለት ሲኒ የሚጠጋ ውሃ ታንኩና ቧንቧው ውስጥ ያጠራቅማል። ያ ውሃ ነው ብረቱን የሚያዝገው፣ ቀለሙንም የሚያበላሸው። ታንኩን ማታ ማታ ከሥሩ ያፍስሱ። ዋናውን መስመር በእያንዳንዱ ሜትር አንድ ሴንቲሜትር ወደ መጨረሻው ዘቅዘቅ ያድርጉት። ወደ ሥራ ቦታ የሚወርደውን ቅርንጫፍ ከዋናው ቧንቧ በላይ በኩል በቲ አውጥተው፣ በሁለት ጎሚቶ አዙረው ያውርዱት፤ ከታች በኩል ካወጡት ውሃው ሁሉ ወደ መሣሪያው ይወርዳል። በመጨረሻው ጫፍ አንድ ስንዝር ቧንቧ ወደ ታች አርዝመው ትንሽ ቦል ቫልቭ ይግጠሙበት፤ ውሃው እዚያ ይጠራቀማል፣ በየጊዜው ይለቀቃል።

ታንኩንና ግድግዳ ላይ የታሰረውን ቧንቧ በቀጥታ አያገናኙ። መሐላቸው አንድ ሜትር የማይሞላ፣ ሙቀት የሚችል ጥሩ ጎማ ይግባ፤ አለበለዚያ ንዝረቱ የመጀመሪያውን ፊሌቶ ይሰብረዋል። ታንኩ አፍ ላይ ቦል ቫልቭ ይኑር። የድሮው ሳራቺኔስካ ቫልቭ ለመዝጋት ብዙ ዙር ይፈልጋል፤ ችግር ሲፈጠር በአንድ እጅ ምት የሚዘጋ ነገር ነው የሚያስፈልገው።

ሲጨርሱ መስመሩን በአየር አይፈትኑት። ከታንኩ ነጥለው፣ ፊልተሩንና ሪጉሌተሩን ፈትተው ቦታቸውን በታፖ ይዝጉ፤ ውስጡን ውሃ ሞልተው፣ አየሩ በሙሉ መውጣቱን አይተው፣ ቧንቧ ሠራተኞች በሚጠቀሙበት የእጅ ፓምፕ ከሥራ ግፊቱ አንድ ጊዜ ተኩል ያድርሱት፤ 8 ባር ከሆነ 12 ባር። ደካማ ቦታ ካለ በውሃ ይታያል፣ ሰውም አይጎዳም። ከዚያ ውሃውን አፍስሰው ታንኩን ያገናኙና እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በሳሙና አረፋ ይሞክሩ። በመጨረሻ 10 ሰዓት ላይ መስመሩን ሞልተው ታንኩ አፍ ላይ ይዝጉት፣ ቧንቧው ላይ ያለውን ጌጅ ጽፈው ይያዙና ማታ 2 ሰዓት ላይ ተመልሰው ይዩት። የአየሩ ጠባይ በ10 ዲግሪ ከቀዘቀዘ ግፊቱ ያለምንም መተንፈስ 0.3 ባር ያህል ሊወርድ ይችላል። ከዚያ ብዙ ከወረደ ፊሌቶዎቹን ከመፍታትዎ በፊት ፈጣን ማገናኛዎቹን ያዳምጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚተነፍሰው የእነሱ ትንሿ የጎማ ቀለበት ናት።